ቡናው ናሙና ይወጣለታል፤ ከእናት ሆድ የሚቀዳው ውሃ ግን ይደፋል

ከቴፒ፣ ከቤበቃ ወይም ከሸኮ ለገበያ የሚወጣ ቡና ሳይታይ አይሸጥም። ከጆንያው ናሙና ይወሰዳል። ጥሬው ተዘርግቶ ጉድለቱ ይቆጠራል፤ ከዚያም ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በባለሙያ ምላስ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ለአንድ ጭነት ቡና ይህን ያህል መጨነቅ ተገቢ ነው። የአርሶ አደሩ ላብ ነው፤ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ነው።

ያንኑ ቡና የምትለቅም እናት ሆዷ ማበጥ ሲጀምር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ «አርግዛ ይሆናል» ይባላል። ዕድሜዋ ከገፋ ደግሞ «ጨጓራ ነው»፣ «ጉበት ነው»፣ «ነቀርሳው ሆዷ ገብቶ ነው» ይባላል። መተንፈስ ሲያቅታት ጤና ተቋም ትደርሳለች። በመርፌ ሊትርም ሁለት ሊትርም ውሃ ይቀዳላታል፤ ቀለል ይላታል፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ውሃውስ? በብዙ ቦታ ከባልዲ ወደ ፍሳሽ ይደፋል።

ያ ውሃ መደፋት የለበትም። ሳይንስ ስለ እንቁላል ዕጢ ካንሰር ከሚያውቀው ውስጥ ብዙውን የነገረው ይኸው ከሆድ የሚቀዳ ውሃ ነው። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ማጂ፣ ከቴፒ እስከ ቦንጋ ላለች ሴት ደግሞ በጊዜ ተመርምሮ ውጤቱ ከተነገረ ከማንኛውም አዲስ ውድ መድኃኒት ይልቅ ሕይወቷን የሚያተርፍላት እሱ ሊሆን ይችላል።

▪️ ስሙ እምብዛም የማይነሳው ካንሰር

በኢትዮጵያ ስለ ሴቶች ካንሰር ሲወራ ሁለቱ ይጠራሉ፦ የጡትና የማህፀን ጫፍ። ለሁለቱም ዘመቻ አለ፤ ለማህፀን ጫፍ ካንሰር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት ይሰጣል። ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሉት የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ግን የራሱ ዘመቻም፣ ክትባትም፣ የቅድመ ምርመራ ቀጠሮም የለውም።

ከዚህ የተነሳ አንድ አደገኛ ስህተት ተስፋፍቷል። ብዙ ሴቶች «የማህፀን ምርመራ ተደርጎልኝ ነፃ ነሽ ተብያለሁ» ይላሉ። የተመረመረው ግን የማህፀን ጫፍ ነው። ያ ምርመራ የእንቁላል ዕጢን አያይም። ሁለቱ እንደ ቤት በርና እንደ ጓዳ ናቸው፤ በሩን ያየ ሰው ጓዳውን አየሁ ማለት አይችልም።

በዓለም ዙሪያ አብዛኞቹ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ታማሚዎች በሽታው የሚታወቅላቸው ሆድ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። በአሜሪካ አኃዝ መሠረት ካንሰሩ ከእንቁላል ዕጢው ሳይወጣ ከተገኘ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ርቆ ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘ ይህ ቁጥር ወደ 30 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ይህ እንግዲህ ሆስፒታል በሞላበት አገር ነው።

▪️ ውሃው ምን ተናገረ?

የሰው ልጅ ህዋሶች በዘፈቀደ አይባዙም። ለመከፈል ፈቃድ ይጠብቃሉ። ፈቃዱን የሚያደርሱት በሕክምናው ዓለም ግሮውዝ ፋክተር፣ በአማርኛ የዕድገት ቀስቃሾች ልንላቸው የምንችል ጥቃቅን መልእክተኞች ናቸው። አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ ምራቅ ዕጢ ያወጣውን ንጥረ ነገር ለተወለዱ ግልገል አይጦች ሲሰጥ ዓይናቸው ከቀኑ ቀድሞ ተገለጠ፤ ጥርሳቸውም ቀድሞ በቀለ። አንድ ትንሽ ፕሮቲን ለህዋስ «እደግ» የሚል ትእዛዝ እንደሚሰጥ የታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ኮኸንና ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ለዚሁ ግኝት ነው።

አሠራሩ ሲቀልል እንዲህ ነው። በህዋሱ ገጽ ላይ ተቀባይ አለ። ቀስቃሹ መጥቶ ተቀባዩን ሲይዝ ወደ ውስጥ ትእዛዝ ይተላለፋል፦ ተከፈል፣ አትሙት፣ ተንቀሳቀስ። ቁስል የሚድነው በዚህ ነው። ቁስሉ ሲሞላ ትእዛዙ ይቆማል። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለውን የመሰሉ መልእክተኞች ደግሞ ጤነኛውን ህዋስ «በቃ» ብለው ያስቆሙታል።

የሴት እንቁላል ዕጢ በየወሩ ይህን ሥራ ይሠራል። እንቁላሉ ሲወጣ ትንሽ ቁስል ይፈጠራል፤ ቀስቃሾች ይጎርፋሉ፤ ቁስሉ ይደፈናል። ግብጻዊው የማህፀን ሐኪም ማህሙድ ፈታላ በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን አይቶ አንድ ትልቅ ጥያቄ አነሳ፦ ለዓመታት ያለ ዕረፍት መቁሰልና መጠገን ለካንሰሩ በር ይከፍት ይሆን? በኋላ የተሠሩ ጥናቶች እርግዝና፣ ጡት ማጥባትና የወሊድ መከላከያ ኪኒን አደጋውን እንደሚቀንሱ ማሳየታቸው ከጥያቄው ጋር የሚሄድ ነው። ዛሬ ደግሞ ከአደገኞቹ ዓይነቶች አብዛኛው የሚጀምረው ከዕጢው አጠገብ ካለው የማህፀን ቱቦ ጫፍ እንደሆነ ይታመናል። ያ ጫፍ እንቁላሉ ሲወጣ በሚፈስሰው፣ ቀስቃሽ በሞላበት ፈሳሽ የሚታጠብ ነው።

ካንሰር የሆነ ህዋስ ከጤነኛው የሚለየው ፈቃድ መጠበቅ በማቆሙ ነው። አንዳንዱ ቀስቃሹን ራሱ ያመርታል፣ ራሱ ይቀበላል። አንዳንዱ የተቀባዩን ቁጥር ያበዛል። አንዳንዱ ደግሞ «በቃ» የሚለውን መልእክት መስማት ይተዋል።

ወደ ሆድ ውሃው እንመለስ። በ1983 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ዶናልድ ሴንገር፣ ሃሮልድ ድቮራክና ባልደረቦቻቸው የዕጢ ህዋስ ያለባቸው እንስሳት ሆድ ውስጥ ውሃ ለምን እንደሚጠራቀም ጠየቁ። የዕጢው ህዋሶች የደም ሥሮችን የሚያሾልክ ፕሮቲን እንደሚያመነጩ አገኙ። ደም ሥሩ ሲያሾልክ ፈሳሹ ወደ ሆድ ይወጣል። በ1989 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮኔ ፌራራ አዲስ ደም ሥር የሚያበቅል ቀስቃሽ ለየና ቪኢጂኤፍ ተባለ። ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። ዕጢው ሆድን በውሃ የሚሞላበትና ለራሱ የደም ቦይ የሚቆፍርበት መሣሪያ አንድ ነው ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ጎርደን ሚልስና ባልደረቦቹ ከታመሙ ሴቶች ሆድ የተቀዳውን ውሃ በላብራቶሪ ከካንሰር ህዋሶች ጋር ሲያገናኙት ህዋሶቹ ማደግ ጀመሩ። ውሃው ውስጥ ቀስቃሽ አለ ብለው በ1988 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በኋላ ሲጣራ ኤልፒኤ የተባለ የስብ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ቆየት ብሎ በ2011 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። ይህ ካንሰር ሲሰራጭ ለምን ወደ ሞራ እንደሚሮጥ ሲያጠኑ፣ የሞራው የስብ ህዋሶች ካንሰሩን በቀጥታ እንደሚቀልቡት አሳዩ። በግ ያረደ ሁሉ ሞራን ያውቃል፤ አንጀትን የሚሸፍነው ያ የስብ መጋረጃ በሰውም ሆድ ውስጥ አለ። ለዚህ ካንሰር ጎተራው ነው።

ስለዚህ የሆድ ውሃው የበሽታው ውጤት ብቻ አይደለም። በሽታው የሚዋኝበት፣ የሚበላበትና ዘሩን የሚበትንበት ኩሬ ነው። ውስጡም የካንሰሩ ህዋሶች ይንሳፈፋሉ። መርፌው ሲገባ ማስረጃው አብሮ ይወጣል። ማስረጃውን በባልዲ ይዞ «ምን ይሆን የያዛት?» ማለት እንግዲህ ምን ይባላል?

▪️ «ታዲያ ቀስቃሹን ዝጉት!»

ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ቀስቃሹ ከታወቀ ለምን አይዘጋም? ዓለም ይህን ሞክሯል፤ ውጤቱ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቅ ትምህርት አለው።

ኤርሎቲኒብ የኮኸን ቀስቃሽ የሚያርፍበትን ተቀባይ የሚዘጋ ኪኒን ነው። በ835 የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ከኬሞቴራፒ በኋላ ተሞክሮ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ኪኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ዕድሜ አላገኙም። ህዋሱ አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው ይገባል። መልእክተኞቹ ብዙ ናቸው።

ቪኢጂኤፍን የሚይዘው ቤቫሲዙማብ የተሻለ ሠርቷል። በ1,873 ሴቶች ላይ በተደረገውና በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው ሙከራ፣ በሽታው ሳይገፋ የሚቆይበት ጊዜ ከ10 ወር አካባቢ ወደ 14 ወር አካባቢ ከፍ ብሏል። አራት ወር ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። ጠቅላላ ዕድሜ ግን በአማካይ አልረዘመም፤ ጥቅሙ ጎላ ብሎ የታየው በሽታው ይበልጥ በገፋባቸው ሴቶች ላይ ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጡት እንደ ኦላፓሪብ ያሉት አዳዲስ ኪኒኖች ደግሞ የሚያጠቁት የዕድገት ቀስቃሽን ሳይሆን የህዋሱን የዘረ መል ጥገና ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅሙትም ብራካ የሚባሉት ዘረ መሎች ጉድለት ያለባቸውን ነው።

ይህ ሁሉ ሳይንሱን ለማጣጣል አይደለም። ግን ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሀብታሙ ዓለም ዛሬ የሚጨቃጨቀው ስለ ተጨማሪ ወራት ነው፤ ያም ዓመታቱን የሚሰጠው መሠረታዊ ሕክምና በእጁ ስላለ ነው። መሠረቱ ምንድን ነው? ሁለት የቆዩ መድኃኒቶች፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል። የሚታየውን ዕጢ ሁሉ፣ ሞራውንም ጨምሮ፣ ለቅሞ የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም። ከሁለቱም በፊት ደግሞ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ «ይህ ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» የሚል ፓቶሎጂስት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና አለ። ካንሰር ሲባል በኢትዮጵያ የሁሉም ሐሳብ ወደ ጨረር ማሽንና ለእሱ ወደሚጠበቀው ረጅም ወረፋ ይሄዳል። የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ዋና ሕክምናው ግን ጨረር አይደለም። ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ነው። የሚዛኗ እናት የምትጠብቀው የሚሊዮን ዶላር ማሽን አይደለም፤ የምትጠብቀው በሽታዋ በጊዜ ስሙ እንዲታወቅ ነው።

▪️ ስሙን ማወቅ ለምን ይዘገያል?

አንደኛው ምክንያት ምልክቱ ተራ መምሰሉ ነው። የሆድ መነፋት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ጥቂት ጎርሶ ቶሎ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። እነዚህ ሁሉ የጨጓራና የሽንት ቧንቧ ስሞታዎች ይመስላሉ። በባርባራ ጎፍ የሚመራው የአሜሪካ ቡድን በ2007 እ.ኤ.አ. ጥሩ መለያ አቅርቧል፦ እነዚህ ምልክቶች ከጀመሩ ከአንድ ዓመት በታች ከሆናቸውና በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመላለሱ ከሆነ መመርመር ይገባል። ይህ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቡና ሰዓት ልትጠይቀው የምትችለው ጥያቄ ነው።

«ታዲያ ጤነኛውን ሴት ሁሉ ለምን አንመረምርም?» የሚል ይኖራል። እንግሊዞች ከ200,000 በላይ ሴቶችን በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል፤ ምርመራው የሞቱን ቁጥር አልቀነሰም። ስለዚህ ለጤነኛ ሴት ሁሉ «የኦቫሪ ምርመራ» የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ጭንቀት ነው። መመርመር ያለባት ምልክት ያላት ሴት ናት። እሷ ደግሞ ዛሬ እየታለፈች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ነቀርሳ ሆድ ውስጥ ሲገባ ውሃ ያጠራቅማል፣ ያከሳል፣ ሲኤ 125 የሚባለውን የደም ምርመራ ከፍ ያደርጋል። የእንቁላል ዕጢ ካንሰርም እንዲሁ ያደርጋል። ነቀርሳ በበዛበት አገር ሐኪም መጀመሪያ ነቀርሳን መጠርጠሩ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ውሃው ሳይመረመር የነቀርሳ መድኃኒት ተጀምሮ ወራት ሲነጉዱ ነው። በተቃራኒውም አደጋ አለ፦ በነቀርሳ የታመመች፣ በመድኃኒት ልትድን የምትችል ሴት «ካንሰር ነው፣ አይድንም» ተብላ ቤቷ እንድትሞት መላክ። የጉበት በሽታም ሦስተኛው ተመሳሳይ ነው። ሦስቱን ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ውሃውን ወደ ላብራቶሪ መላክ ነው። ውሃው ስለዚህ ለካንሰር ታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ለነቀርሳ ታማሚዋም ይሟገታል።

ሦስተኛው «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት ብዙ ሴቶችን ከቀዶ ሕክምና አስቀርቷል። ውስጡ አንዲት እውነት አለች፦ ከዕጢው ያልወጣ፣ አጠራጣሪ የሆነ፣ ውሃ የቋጠረ የእንቁላል ዕጢ በመርፌ መወጋት የለበትም፤ ቢፈስስ የተዘጋውን በሽታ ሊበትነው ይችላል። ሆድ ውስጥ በነፃ የተጠራቀመ ውሃ ግን ሌላ ነው፤ እሱን መቅዳት የተለመደ ሕክምና ነው። ሁለቱን የሚለየው አልትራሳውንድ ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ደግሞ በሽታውን የሚያሰራጭ ሳይሆን ዋናው መድኃኒት ነው። ሰው የሚሞተው ዘግይቶ ስለደረሰ ነው፤ ቢላው ግን ይከሰሳል።

▪️ ርቀቱና ሒሳቡ

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከጅማ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። የተለመደው ኬሞቴራፒ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ዙር ነው። አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ መልስ ስድስት ጊዜ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ጅማ ከሆነ ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ። ይህ መንገድ የሚለካው በነዳጅ ብቻ አይደለም። በተሸጠ በሬ፣ በተያዘ የቡና ማሳ፣ ከትምህርት በቀረች ልጅ ጭምር ነው። አስታማሚው ባል ከሆነ ለቀማው ያልፈዋል። አስታማሚዋ ልጅ ከሆነች ዓመቱ ያልፋታል።

መንገዱ ከካንሰሩ ጋር ሲደመር ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው ምንድን ነው? መቅረትን። ይህ ድንቁርና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን መቀየር የሚችለው ደግሞ ምክር ሳይሆን አሠራር ነው።

የአሠራሩ ቁልፍ አንድ ነው፦ ለምርመራው ናሙናው ይሂድ፤ ሴትየዋ ትቆይ። ከውሃው ተወስዶ መስታወት ላይ የተቀባና በአልኮል እንዳይበላሽ የተደረገ ስላይድ በትንሽ ሣጥን ይጓዛል። ምግብ አይጠይቅም፣ አልጋ አይከራይም፣ አስታማሚ አይፈልግም። ፓቶሎጂስት ባለበት እዚያው ይነበባል፤ በሌለበት ወደ ቅርቡ ማዕከል ይላካል። ውጤቱ በስልክ ይመለሳል። እርግጥ ነው፣ ስላይዱ ባዶ ቢሆን ሴትየዋ ነፃ ናት ማለት አይደለም፤ አልትራሳውንዱና ምልክቶቹ አብረው ይታያሉ። ካንሰር ከተገኘ ግን እናቲቱ የምትጓዘው ለመጠየቅ ሳይሆን ለመታከም ነው። የመጀመሪያው ጉዞዋ የሕክምና ጉዞ ይሆናል።

▪️ ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው «ወባ፣ የእናቶች ሞትና የሕፃናት ረሃብ ባለበት አካባቢ ስለ አንድ ብርቅ ካንሰር ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ግን የሚጠየቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። አልትራሳውንዱ ለእርጉዝ እናት ሲባል የተገዛው ነው። ውሃውን የሚያየው ማይክሮስኮፕ ለወባና ለነቀርሳ የተገዛው ነው። መርፌው በሁለቱም መንገድ ይገባል። የሚጨመረው ስላይድ፣ አልኮልና ልማድ ነው።

ሁለተኛው «ካንሰር መሆኑ ቢታወቅስ ምን ይደረግላታል? ተስፋ ከማስቆረጥ በቀር» የሚል ነው። ይህ ክርክር ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን ይገባ ነበር። ዛሬ ኬሞቴራፒ ጅማ ላይ ይሰጣል። የሴቶች ካንሰር ቀዶ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መካከል ናቸው። ኢትዮጵያ በ2017 እ.ኤ.አ. የካንሰር መድኃኒቶች ዋጋ እንዲቀንስላቸው ከተደረገው ስምምነት ተጠቃሚ ከሆኑት ስድስት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ለማዳን ለዘገየባትም ቢሆን ሕመሟን የሚያስታግስ ሕክምና አለ። የማይድን በሽታም ቢሆን ስሙ ይታወቅ ዘንድ ሰው መብት አለው። ልጆቿን ለማን እንደምትተው፣ ማሳው በማን ስም እንደሚዞር የምትወስነው ስታውቅ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

1. ከሴት ሆድ የተቀዳ ውሃ፣ መንስኤው አስቀድሞ በማስረጃ ካልታወቀ በስተቀር፣ ሳይመረመር አይደፋ። ይህ በክልሉ ጤና ቢሮ አንድ ገጽ መመሪያ የሚሆን ነገር ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ማዕከሎቹን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ ማከፋፈሉ አገልግሎት ለሕዝብ ይቅረብ በሚል መንፈስ ነው። መንፈሱ እስከ ላብራቶሪ ይዝለቅ።

2. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አራቱን ምልክቶችና «በወር ከ12 ቀን በላይ» የሚለውን መለኪያ ይወቁ። በቤንችኛም፣ በሸኮኛም፣ በሜኢኒትኛም፣ በካፊኛም ይነገር። በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ፖስተር ለሱርማዋ እናት ግድግዳ ነው።

3. የሪፈር ወረቀት ባዶውን አይላክ። የውሃው ውጤት፣ የአልትራሳውንዱ ንባብና የቀጠሮ ቀን አብረውት ይሂዱ። ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ ሳምንት የሚያድረው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ባዶ ስለሆነ ነው።

4. የመጀመሪያው የሕክምና ዕቅድ በትልቁ ማዕከል ከወጣ በኋላ፣ አቅሙ በተገነባበት መጠን ቀጣዮቹ የኬሞቴራፒ ዙሮች በባለሙያ ክትትል ወደ ሕመምተኛዋ ይቅረቡ። ከስድስቱ ጉዞ ሦስቱ ቢቀር እንኳ የስንቷ ሕክምና አይቋረጥም?

5. ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1999 ዓ.ም. በእነዚህ የቡና አገሮች መካከል የተተከለው፣ ይህን ሥራ የራሱ ያድርገው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው፣ ሐኪምና የላብራቶሪ ባለሙያ የሚያሠለጥን ተቋም ነው። በፈቃዳቸው ከሚሰጡ ሴቶች ናሙና መያዝ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ መመዝገብና ከጅማና ከአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ጋር ማጥናት ይችላል።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ግን ወደ ዕድገት ቀስቃሾቹ የሚመልሰን እሱ ነው። በዓለም ላብራቶሪዎች ይህ ካንሰር ከተጠናባቸው ህዋሶች እጅግ ከታወቁት አንዱ ኤስኬኦቪ 3 ይባላል። የተገኘው በ1973 እ.ኤ.አ. ከአንዲት የ64 ዓመት ነጭ ሴት የሆድ ውሃ ነው። ስለ ቀስቃሾችና ተቀባዮች የተጻፉ ብዙ ጥናቶች በዚህ ህዋስ ላይ ቆመዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን በብዛት ጥቅም ላይ ከዋሉት ህዋሶች መካከል ኤስኬኦቪ 3ን ጨምሮ አንዳንዶቹ በብዛት የሚገድለውን የካንሰር ዓይነት በደንብ እንደማይወክሉ አሳየ።

ልብ ይሏል፦ የዚያች ሴት የሆድ ውሃ አልተደፋም። ስላልተደፋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ዓለም ሲማርበት ኖሯል። የሚዛን፣ የቴፒ፣ የማሻና የጀሙ ሴቶች በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። የእነሱ ካንሰር በየትኛው ቀስቃሽ እንደሚያድግ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻለው የሚነግር ማስረጃ የሚሰበሰበው ከራሳቸው ናሙና ነው። ያ ማስረጃ ዛሬም በየባልዲው እየፈሰሰ ነው።

ለጥናቱ ጊዜ አለ። ለሕመምተኛዋ ግን የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ውጤቱ ለእሷ፣ ቀጥሎ ትምህርቱ ለዓለም።

አንድ ጆንያ ቡና በጭፍን ሲሸጥ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ መንግሥትም «ናሙናው የታለ?» ይላሉ። ቡናውን ስትለቅም የኖረች እናት ሆዷ ተነፍቶ ስትመጣም ባሏ፣ ልጇ፣ ሐኪሟና ቢሮው ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቁ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ነገ ቤተሰቡ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ካየ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ዶክተር፣ ውሃው ለምርመራ ይላክልን።»